ከሲቀላ ወደ ሙያው የሚወስዱ መንገዶች፦ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሥልጠና ታሪክ

ኦኩፔሽናል ቴራፒ በበሽታ፣ በአደጋ፣ በእርጅና ወይም ከልደት ጋር በመጣ ጉዳት ምክንያት የዕለት ተግባሩ የከበደውን ሰው፣ ያንኑ ተግባር እንደ ቀድሞው ወይም በሌላ ዘዴ እንዲያከናውን የሚያበቃ የጤና ሙያ ነው። መልበስ፣ መታጠብ፣ መጉረስ፣ እንጀራ መጋገር፣ ትምህርት ቤት መዋል፣ ከሽመና ጉድጓድ መቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ የሙያው ጉዳዮች ናቸው። ፊዚዮቴራፒስቱ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ሲለካ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ሰውዬው በዚያ ጉልበት ምን መሥራት እንደሚፈልግ ይጠይቃል። በመጽሐፍ ላይ ልዩነቱ እንዲህ ግልጽ ቢሆንም በሥራ ቦታ ድንበሩ ይደበዝዛል። በኢትዮጵያማ አንዱ የሌላውን ሥራ ደርቦ ሲሠራ ብዙ ዘመን አልፏል።

በአርባ ምንጭ ታችኛው ክፍል፣ በሲቀላ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ይህን ሙያ በዲግሪ ልማር ቢል እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በአገር ውስጥ የሚያመለክትበት ክፍል አልነበረም። ሥራው ግን ስሙ ሳይጠራ በየቦታው ይሠራ ነበር፤ በሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች፣ በጦር ጉዳተኞች ማገገሚያ፣ በአእምሮ ሕሙማን ግቢ፣ በሰው ሠራሽ እግር መሥሪያ። ሙያው በተተከለበት አገር ሁሉ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ አስቸኳይ ችግር ይመጣል፤ ችግሩ ፈጣን አጭር ሥልጠና ይወልዳል፤ ሙሉው ትምህርት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሥልጠና የሚመርጥ ሰው ፊት የሚደቀኑት አማራጮችም የዚህ ታሪክ ቅሪቶች ናቸው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕመምተኛን ሥራ ይፈውሰዋል የሚለው ሐሳብ በአውሮፓ የዳበረው በአእምሮ ሕሙማን አያያዝ ውስጥ ነው። ዊልያም ቱክ በእንግሊዝ ዮርክ ከተማ በ1796 የከፈተው ማረፊያ ሕሙማኑን በሰንሰለት ማሰሩን ትቶ በአትክልት ቦታና በእጅ ሥራ ያውላቸው ጀመር። በፈረንሳይም ፊሊፕ ፒኔል በዚያው ዘመን ተመሳሳይ አያያዝ ያራምድ ነበር። ይህ ግን በጎ አያያዝ እንጂ የሠለጠነ ሰው የሚጠይቅ ሙያ አልነበረም። ሙያውን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኤሊኖር ክላርክ ስሌግል በ1915 በቺካጎ ማስተማር ጀመረች፤ በመጋቢት 1917 ደግሞ እሷ፣ ሐኪሙ ዊልያም ዳንተንና በራሱ ሕመም ላይ ሥራን የሞከረው አርክቴክት ጆርጅ ባርተን ከሌሎች ጋር ሆነው በኒውዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ ማኅበር አቋቋሙ።

ማኅበሩ በተመሠረተ በወሩ አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገባች። እጃቸውንና እግራቸውን ያጡ፣ በመድፍ ድምፅ አእምሯቸው የታወከ ወታደሮች ሆስፒታሎችን ሲሞሉ የሚረዷቸው ሴቶች በጥድፊያ ሠለጠኑ። ጥቂት ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት የወሰደ ትምህርት ለዚያ ጊዜ በቂ ተባለ። ሰላም ሲመጣ ክርክሩ ተነሣ፤ በጥድፊያ የሠለጠነ ሰው የሕሙማንን ሕይወት በኃላፊነት ሊይዝ ይችላል ወይ? የአሜሪካው ማኅበር በ1923 ዝቅተኛውን የሥልጠና ዘመን አሥራ ሁለት ወር አደረገውና ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ጊዜ በሆስፒታል ልምምድ እንዲያልፍ ወሰነ። የሥልጠና ምርጫ ክርክር በዚህ ሙያ የጀመረው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው ዛሬም ስንት ጊዜና የት የሚል ነው።

በብሪታኒያ ሐኪሟ ኤልዛቤት ካሰን በ1930 በብሪስቶል ዶርሴት ሐውስ የተባለውን የአገሪቱን የመጀመሪያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ቤት ከፈተች። የዚያ ዘመን ተማሪ የሰውነት አሠራርንና የአእምሮ ሕመምን ያጠናል፤ በጎኑ ደግሞ ሽመና፣ ቅርጫት ሥራ፣ የመጽሐፍ ጥረዛና የእንጨት ሥራ ይማራል። በተለይ የሽመና ዕቃው የሕክምና መሣሪያ ሆኖ ነበር። ትከሻው የደከመ ሰው ዘንጉን በክብደት እየሳበ፣ ቁርጭምጭሚቱ የደረቀበት መርገጫውን እየረገጠ እንዲሠራ ተደርጎ ይስተካከል ነበር። የእጅ ሥራው ከሥርዓተ ትምህርቱ ቀስ በቀስ የወጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት አሠርት ዓመታት ነው።

ከሲቀላ ወደ ጨንቻ ሲወጣ የሚገኘው የዶርዜ ሰው እነዚህን ትምህርት ቤቶች ቢያይ በከፊል የራሱን ቤት ባየ ነበር። በጋሞ ደጋ ሴቶች ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ሸማኔው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ እግሮቹ ከታች ድሩን እየከፈቱ፣ እጆቹ ከላይ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያቀባበሉ፣ ዐይኑ ጥለቱ ላይ ይውላል። በዚህ ሥራ እጅና እግር፣ ዐይንና ሐሳብ በአንድነት ይጠመዳሉ። የአውሮፓ ሆስፒታሎች በገንዘብ እየገዙ ለሕክምና ያሰናዱትን መሣሪያ የጋሞ ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ይማረዋል። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ወዲህ በብዛት ወደ አዲስ አበባ የተሰደዱት የጋሞ ሸማኔዎችም ሽሮ ሜዳን የሸማ ሰፈር ያደረጉት በዚሁ እውቀት ነው።

ነገር ግን በጋሞ ሥራ ሁሉ ለሰው ሁሉ አይሰጥም። ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ሠሪው ደጋላ ተብለው ከአራሹ ተለይተው ኖረዋል፤ ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋር መጋባትና መሬት መያዝ አይፈቀድላቸውም ነበር። ሽመና በጋሞ የተከበረ ቢሆንም በሰሜኑ ደጋ ሸማኔው ራሱ ቁጢት በጣሽ እየተባለ ይዋረድ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። ለኦኩፔሽናል ቴራፒ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለአራሽ ልጅ ሸክላ ማቡካት፣ ለወንዱ እንዝርት ማሾር የሚያዝ ባለሙያ ጡንቻ አጠነክራለሁ ሲል ሰውየውን ያዋርደዋል። በአውሮፓ የተጻፈ መማሪያ መጽሐፍ ይህን አያስተምርም፤ አገር ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና ከውጭው የሚበልጥበት አንዱ ምክንያትም እዚህ ላይ ነው።

የእንሰት ሥራ ሌላው ምሳሌ ነው። በጋሞ ደጋ ሴቲቱ ተቀምጣ ቅጠሉን በተጋደመው ጣውላ ላይ በአንድ እግሯ ትይዝና በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቀዋለች። ዳሌዋ የተሰበረ ወይም አንድ ጎኗ የሰለለ ሴት ይህን እንዴት እንደምትሠራ ለመምከር አቀማመጡን፣ የእግሩን ከፍታ፣ መፋቂያው የሚያዝበትን መንገድ አንድ በአንድ ማጤን ያስፈልጋል። ሙያው ይህን ችሎታ የተግባር ትንተና ይለዋል፤ የትኛውም ሥልጠና የሚመዘንበት ዋናው ትምህርትም እሱ ነው።

ወደ ተቋማቱ ታሪክ ሲኬድ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የሚገኘው ሥጋ ደዌ ነው። በሐረር የካቶሊክ ሚሲዮኖች በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ የሕሙማን መጠለያ ከፈቱ። በአዲስ አበባ ምዕራብ ዘነበወርቅ ላይ በ1930ዎቹ ሆስፒታል ተቋቋመ። በሻሸመኔ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን፣ በሐረርጌ ቢሲዲሞ ደግሞ በዚያው አሠርት ማብቂያ የጀርመን ረድኤት ሠራተኞች ሌሎች ጣቢያዎችን ከፈቱ። ከጋሞ ለሚነሣ ሕመምተኛ ከእነዚህ የሚቀርበው ሻሸመኔ ነበር። በሽታው ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሕመምተኛው ትኩስ ድስት ሲይዝ አይሰማውም፤ ቁስሉን ሳያውቀው ይሄድበታል። የእጅና የእግር ጣቶች የሚጠፉት በአብዛኛው በበሽታው ሳይሆን ስሜት ባጣ አካል ላይ በሚደርስ ተደጋጋሚ ጉዳት መሆኑን በሕንድ ቬሎር ሆስፒታል የሠራው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ኪኒንና ቢላዋ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የድስት መያዣ፣ የመሣሪያ እጀታ፣ የጫማ ሶል፣ ምጣድ ፊት ያለ አቀማመጥ ሁሉ የሕክምናው አካል ሆኑ።

ብራንድ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት አለርት በ1965 በዘነበወርቅ ተቋቋመ። ስሙ እንደሚገልጸው ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ፣ የተሐድሶና የሥልጠና ማዕከል እንዲሆን ነበር፤ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች ሠልጥነውበታል። እጅን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጅማቱን ማለማመድ፣ ለቆሰለ እግር ጫማ መሥራት፣ ሕመምተኛውን ሙያ ማስተማር በአንድ ግቢ ይከናወኑ ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያ የተሐድሶ ሠራተኞች ሥራውን የተማሩት በዋናነት እንዲህ ባሉ ቦታዎች፣ አልጋ አጠገብ ቆመው ነው። ዲግሪ ባይኖራቸውም የእጃቸውን ችሎታ አሳንሶ ማየት አይገባም፤ የጎደላቸው ከሥጋ ደዌ ውጭ ያለውን ሕመምተኛ የሚያዩበት ሰፋ ያለ መሠረት ነበር።

ፖሊዮ ደግሞ ሕፃናትን ይዞ መጣ። ቼሻየር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በ1962 ሲሆን የመናገሻው ማዕከሉ ፖሊዮ ያሽመደመዳቸውን ልጆች ከቀዶ ሕክምና በኋላ በብረት ድጋፍና በክራንች እያራመደ ወደ ትምህርት ቤት ይመልስ ነበር። መንግሥትም ዘግይቶ ገባበት። በ1971 በወጣው ትዕዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞች ተሐድሶ ድርጅት ተቋቋመ። ትዕዛዙ ጉዳዩን ከበጎ አድራጎት ወደ መንግሥት ኃላፊነት ያሸጋገረ ቢሆንም ትኩረቱ በሥልጠና፣ በመጠለያና በሥራ ላይ ነበር፤ ጤና ሚኒስቴር በአንድ በኩል፣ የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በሌላ በኩል ቆሙ። ይህ ክፍፍል ለረጅም ጊዜ ሳይጠገን ቆየ። በብዙ ክልሎች የአካል ተሐድሶ ማዕከላት ለረጅም ጊዜ ተጠሪነታቸው ለሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ የነበረ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ የሚሠለጥኑት ግን በጤና ኮሌጆች ነው። ሥልጠና የሚመርጥ ሰው ተመርቆ በየትኛው መሥሪያ ቤት መደብ እንደሚያገኝ ቀድሞ ቢያጣራ የሚበጀው ለዚህ ነው።

ጦርነት በዚህም አገር አጭር ሥልጠናን ወለደ። ከ1977 እስከ 1978 ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነትና በሰሜን የቀጠለው ውጊያ ብዙ ሺህ ወጣቶችን አካለ ጎደሎ አደረጉ፤ በደብረ ዘይት የጀግኖች አምባ የተቋቋመው ለእነዚህ ወታደሮች ነበር። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የአካል ተሐድሶ ፕሮግራሙን በ1979 ጀመረ፤ በ1983 ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ፈንድ አቋቋመ። ኢትዮጵያ የእነዚህ ሥራዎች አንዷ ትልቅ ሜዳ ሆነች። ቀላልና ርካሽ በሆነው ፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ተስፋፋ፤ አዲስ አበባም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጭምር የሚመጡ ቴክኒሻኖች የሚሠለጥኑባት ሆነች። ኮሚቴው ድጋፍ ካደረገላቸው የአገሪቱ ማዕከላት አንዱ በአርባ ምንጭ የሚገኘው ነው፤ ለጋሞና ለአካባቢው ሕዝብ ሰው ሠራሽ እግር፣ ድጋፍ፣ ክራንችና የእንቅስቃሴ ሕክምና የሚገኘው በዚያ ነው።

አርባ ምንጭ ራሷ ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ማዕከል መሆኗ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በደጋው ጨንቻ ነበር፤ ወደ አባያና ጫሞ ሐይቆች አጠገብ የወረደው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። አዲሲቱ ከተማ ከላይ ሸቻ፣ ከታች ሲቀላ ሆና አደገች፤ ሲቀላ የገበያውና የንግዱ ሰፈር ሆነ። በ1986 የተከፈተው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ጤና ሳይንስና ሕክምናም በኋላ ተጨመሩበት። ከእሱ ሌላ በከተማው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። ከሲቀላ ሳይርቅ በጤና ሙያ መሠልጠን የሚቻል ሆኗል፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ግን በእነዚህ ውስጥ የለም።

የአካባቢው ሕመም ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚጠይቅ ለማየት ዝሆኔን መመልከት ይበቃል። በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለብዙ ዓመታት በሚሄዱ ሰዎች እግር ላይ የሚከሰተውን፣ በትል የማይመጣውን የዝሆኔ ዓይነት በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አጥንቶ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። በሽታው በወላይታና በጋሞ ደጋ በሰፊው ይታያል፤ በመላ አገሪቱ የሕሙማኑ ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ተገምቷል። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን በወላይታ ሶዶ በ1998 የተጀመረው የሞሲ ፉት ፕሮጀክት እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ በሚል ቀላል ሕክምና ተነሣ፤ ሕሙማኑን ራሳቸውን ጫማ ሰፊና አስታማሚ አድርጎ አሠለጠነ። ያበጠ እግር ይዞ የሚያርስ ገበሬ የሚያስፈልገው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ጫማውን አስገብቶ እርፍ የሚይዝበት ዘዴም ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የሚባል ሰው በስም ባይኖርበትም ሥራው ግን የዚህ ሙያ ነው።

የአእምሮው መንገድ ለብቻው ሄደ። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የተመሠረተው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን ለብዙ አሠርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ገፈርሳ ላይ ያለው የማገገሚያ ማዕከል የእሱ ቅርንጫፍ ነው። በ1987 በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ ሕሙማንን በሥራ የማዋሉም ነገር በነርሶች ትከሻ ላይ ወደቀ። ከሲቀላ የተነሣ ወጣት ወደ አእምሮ ሕሙማን ተሐድሶ መግባት ሲፈልግ ለረጅም ጊዜ የተከፈተለት በር ይህ ነበር። በሕፃናት በኩል ደግሞ በ2002 ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጆች ማዕከል በአዲስ አበባ ከፈቱ። እናቶች ልጆቻቸውን በቤት ይደብቁ በነበረበት ጊዜ ልብስ መልበስ፣ መጉረስ፣ መጸዳዳት በዚያ ማዕከል እንደ ትምህርት መሰጠት ጀመሩ። በሌላ አገር ቢሆን ለዚህ መጀመሪያ የሚጠራው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነበር።

የዲግሪው ትምህርት የተጀመረው በጎንደር ነው፤ ለዚህም መነሻ ነበረው። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም በሌለበት ገጠር የሚሠሩ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ነበር። የኋለኛው ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱን የመጀመሪያ የፊዚዮቴራፒ ዲግሪ ጀመረ፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተከተሉት። በ2017 ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የአሥር ዓመት ፕሮግራም ተጀመረ። ፕሮግራሙ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የትምህርት ዕድል ሰጠ፤ የጎንደር መምህራንን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ኩዊንስ ላከ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውንም የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት አስከፈተ። የውጭ መምህር ከማምጣት ይልቅ የራስን መምህር አሠልጥኖ መመለስን ማስቀደሙ ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች የወደቁት መሥራቾቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሲሄዱ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሙያውን በስሙ ለመማር የፈለገ ኢትዮጵያዊ ድንበር መሻገር ነበረበት። በምሥራቅ አፍሪካ ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ ቀድመው በዲፕሎማ ደረጃ ማሠልጠን ጀምረው ነበር፤ በደቡብ አፍሪካ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚገጥማቸው ሌላ ነው። በአሜሪካ ከ2007 ወዲህ ወደ ሙያው ለመግባት ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ መማር ግድ ነው፤ ቀጥሎም የብሔራዊ ቦርድ ፈተናና የግዛት ፈቃድ አለ። በረዳትነት መሥራት ለሚፈልግ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ትምህርት በቂ ነው፤ ቤተሰብ እያስተዳደሩ ለሚማሩ ስደተኞች ይህ የመጨረሻው መንገድ ከሌላው ይቀላል። በካናዳም መግቢያው ማስተርስ ሆኗል። በብሪታኒያ ግን አሁንም በመጀመሪያ ዲግሪ መግባት ይቻላል፤ ወሳኙ ትምህርቱ በሙያው ተቆጣጣሪ ምክር ቤት የጸደቀ መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ የትምህርት ክፍል ምርጫ የተማሪው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ውጤቱና የዩኒቨርሲቲው የቦታ ብዛት የቀረውን ይወስናሉ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ስለሆነ ክፍል የሚመረጠው ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ከሲቀላ ተነሥቶ ኦኩፔሽናል ቴራፒ መማር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ትምህርቱ ወዳለበት ዩኒቨርሲቲ መመደብ አለበት፤ ወደ ሌላ ከተመደበ በውጤቱ ብልጫ ብቻ ክፍሉን ማግኘት አይችልም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ማለፊያ የሆነውን ግማሽ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተናም ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ተጀመረ። ከአርባ ምንጭ እስከ ጎንደር በአዲስ አበባ በኩል ያለው መንገድ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ምክንያት ብዙዎች አጠገባቸው ያለውን ነርስነት ወይም ሌላ ጤና ሙያ ቢመርጡ አይፈረድባቸውም። ነርስ ሆኖ የአእምሮ ሕክምናን፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን፣ ወይም የልዩ ፍላጎት ትምህርትን መያዝ ወደዚሁ ሥራ ጎን ለጎን የሚያስገቡ በሮች ናቸው፤ ማዕረጉን ግን አይሰጡም።

በ1952 በሊቨርፑል አሥር አገሮች ያቋቋሙት የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን የትምህርቱን ዝቅተኛ መመዘኛ ከጅምሩ ሲያወጣና ሲያሻሽል ቆይቷል። ከመመዘኛዎቹ ለአመልካች በቀላሉ የሚጠየቀው የተግባር ልምምድ ሰዓት ነው፤ ቢያንስ 1,000 ሰዓት። ልምምዱ በአንድ ዓይነት ሕመምተኛ ላይ መታጠር የለበትም፤ ሕፃንም ሽማግሌም፣ አካሉ የተጎዳም አእምሮው የታወከም፣ ትናንት የተጎዳም ከጉዳቱ ጋር ዓመታት የኖረም መታየት አለበት። እያንዳንዱ የልምምድ ቦታ ብዙ ጊዜ ስምንት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ከአጭር ሥልጠና ዲግሪውን የሚለየው ከሁሉ በላይ ይህ ስፋት ነው፤ በአለርት አልጋ አጠገብ የሠለጠነው ሰው እጁ ጎበዝ ሆኖ ሳለ ያላገኘው ይህን ነበር።

ሰዓቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ልምምዱን የሚቆጣጠር ኦኩፔሽናል ቴራፒስት መኖር አለበት። ሙያው አዲስ በሆነበት አገር ይህ ከባድ ነው፤ ተቆጣጣሪ የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ራሳቸው ናቸውና። ፌዴሬሽኑ በቦታው ባለሙያ በማይኖርበት ጊዜ ከሩቅ የሚደረግ ቁጥጥርን ስለሚፈቅድ፣ ተማሪ በአንድ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ከፊዚዮቴራፒስትና ከቴክኒሻን ጋር እየዋለ ከዩኒቨርሲቲ መምህሩ ጋር በስልክ ሊመካከር ይችላል። በዚህ አሠራር የአርባ ምንጩን የመሰለ ማዕከል፣ የወላይታው የእግር ሕክምናና በጋሞ ያሉ የጤና ጣቢያዎች የጎንደር ተማሪ ልምምዱን የሚያደርግባቸው ቦታዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ እንዲሆን የሚያስፈልገው በዩኒቨርሲቲውና በተቋማቱ መካከል የሚፈረም ስምምነት ነው። አመልካችም ከመመዝገቡ በፊት ስምምነቱ ከየትኞቹ ተቋማት ጋር እንዳለ፣ ልምምዱንም ማን እንደሚቆጣጠር መጠየቅ መብቱ ነው።